ደወሉን የምመታው እኔ ነኝ

ይቅርታ አድርጉልኝ። ይህንን ለመጻፍ የሚገባው ሰው እኔ አልነበርሁም። በዚህ ግቢ ውስጥ ዲግሪ ያለው መምህር ሞልቶ፣ የበሩ ዘበኛ ደብተር ይዞ ተቀመጠ ሲባል ሰው ምን ይላል ብዬ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ፊደሌ ትልልቅ ነው። አንድ ገጽ ላይ ከሰባት መስመር በላይ አይገባልኝም። መምህርት እየሩስ ናት «ይጻፉት ጋሽ ገዳሙ፤ እኛ ብንጽፈው ሪፖርት ነው የሚሆነው። እርስዎ ሲጽፉት ሌላ ወላጅ ያነበዋል» ያለችኝ። የወላጆችን ጽሑፍ ሰብስባ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ልታስቀምጥ ነው። እንግዲህ ያበላሸሁት ካለ የእኔ ነው እንጂ የእሷ አይደለም።

ገዳሙ እባላለሁ። ከሮብ ገበያ ወጣ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነኝ። ትንሽ እርሻም አለችኝ፣ ገብስና ድንች። ጠዋት በሩን እከፍታለሁ፣ ማታ እዘጋለሁ፣ ደወሉንም የምመታው እኔ ነኝ። ደወል ስል ከግቢው ጽድ ዛፍ ላይ በሽቦ የተንጠለጠለ የጭነት መኪና ቸርኬ ነው። በብረት ሲመቱት እስከ ወንዙ ማዶ ይሰማል።

እኔ ፊደል የቆጠርሁት ደብር ውስጥ ነው። የኔታ ፊደሉን በስንደዶ እየጠቆሙ ይጠሩታል፣ እኛ ከአፋቸው እየተቀበልን እንጮኻለን። ዳዊት ጀምሬ ነበር። እዚያ ብዕር የሚያስይዝ የለም፣ ትምህርቱ በጆሮና በቃል ነው። አባቴ ሲሞቱ በሬዎቹን ተረክቤ ቀረሁ። እና ማንበቡን ከንፈሬን እያንቀሳቀስሁ ቀስ ብዬ እወጣዋለሁ። መጻፉ ግን አልሆነልኝም። በሩ ላይ የእንግዳ መዝገብ አለ፤ የገባውን ሰው ስም መጻፍ የእኔ ሥራ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «እርስዎ ይጻፉት፣ መነጽሬን ቤት ረስቼው ነው» እያልሁ ነው ያለፈው። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም።

መጻፍ የፈለግሁት ግን ስለ እኔ አይደለም። ስለ ልጄ ስለ የኔአለም ነው።

የኔአለም አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። በዚህ ዕድሜ ስምንተኛ ክፍል ምን ትሠራለች የሚል ካለ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ የከረመበትን ጊዜ ያስታውስልኝ። ልጄ አንዴ የሰማችውን አትረሳም። ገና ጥርሷን ስትነቅል ጀምራ፣ ቄሱ በሰንበት ያስተማሩትን ቤት መጥታ ከነድምፃቸውና ከነሳላቸው ትደግመው ነበር። እናቷ ያለምወርቅ «ተይ አንቺ! በቄስ አይቀለድም!» እያለች ጀርባዋን አዙራ ትስቃለች። የዕድራችንን አባላት ስም ከነአባታቸው በቃሏ ትጠራለች። ጸሐፊው መዝገቡ ሲጠፋበት የመጣው ወደ እሷ ነው።

እጇ ግን ለትንሽ ነገር አይታዘዛትም። ውኃ ትሸከማለች፣ ድንች ትቆፍራለች፣ ያመለጠ ወይፈን ትይዛለች። ቁልፍ ቆልፊ ስትባል ግን ላብ ያጠምቃታል። እንዝርት ስታሾር ክሩ አንዴ እንደ ገመድ ይወፍራል፣ አንዴ ይበጠሳል። እርሳስ ስትይዝማ ሰው የምታንቅ ትመስላለች፤ ጣቶቿ እስኪነጡ ትጨብጠዋለች። ደብተሯን ያየ ሁሉ ዶሮ የጫረው ነው ይላል። ከአራተኛ እስከ ሰባተኛ ክፍል ሰነፍ ስትባል ኖረች። ስንቴ ከክፍል ውጭ ተንበርክካ አይቻታለሁ፤ የተንበረከከችው ከደወሉ ዛፍ ሥር ነው፣ ደወሉን የምመታው እኔ ነኝ። «ምን አጠፋሽ?» ስላት «ጽፌ አልጨረስሁም» ትለኛለች። እኔም «ቶሎ ቶሎ በያ» እላለሁ።

አምና መምህርት እየሩስ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ መጣች። ሳይንስ ነው የምታስተምረው። አንድ ቀን ልጆቹ ከወጡ በኋላ ወደ በሩ መጣችና አጠገቤ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። መምህር አጠገቤ ሲቀመጥ እኔ እነሣለሁ። ተነሣሁ።

«ይቀመጡ እንጂ ጋሽ ገዳሙ። የኔአለም የእርስዎ ልጅ ናት?»

«ምን አጠፋች?»

«ምንም። ትናንት በፈተና ከሃምሳ አሥራ አንድ አመጣች። ገረመኝ፤ ክፍል ውስጥ ስጠይቅ ቀድማ የምትመልሰው እሷ ናት። ዛሬ ያንኑ ፈተና በቃል ጠየቅኋት። ስንት ያገኘች ይመስልዎታል?»

«አሥራ አምስት?»

«አርባ ስድስት።»

ብረቱን በእጄ ይዤ ቀረሁ። የምመታበት ሰዓት እንኳ አልነበረም።

«ልጅቷ ትምህርቱን ታውቀዋለች» አለችኝ። «እጇ ነው የማይደርስላት። ለእንዲህ ያለ ልጅ በስምንተኛ ክፍል ፈተና ድጋፍ ይሰጣል። ሰዓት ይጨመርላታል፣ የምትለውን እየሰማ የሚያጠቁርላት ሰውም ይመደብላታል። ግን በጊዜ መጠየቅ አለብን።»

ለማያውቅ ልንገር። በዚያ ፈተና መልስ የሚሰጠው ትንንሽ ክብ በእርሳስ በማጥቆር ነው። ሌላው ልጅ አንዷን ክብ ጠቆር አድርጎ ወደምትቀጥለው ያልፋል። የኔአለም ግን ክቡ ውስጥ ለመቆየት ትንፋሿን ትይዛለች። እርሳሱ ከመስመሩ ይወጣባታል፣ በላጲስ ታጠፋለች፣ ወረቀቱ ይሳሳል፣ እንደገና ትጀምራለች። ወረቀቱን የሚያርመው ማሽን ነው አሉ። ማሽን ደግሞ ይህች ልጅ ምን ለማለት ፈልጋ ነው ብሎ አያስብም። ስምንተኛን ካላለፈች ደግሞ ነገሩ ያበቃል፤ ልጃገረድ በዚህ ዕድሜዋ ክፍል ስትደግም ጎረቤቱ ሽማግሌ መላክ ይጀምራል። አስቀድሞ የጠየቀም ነበር። «ፈተናዋን ትጨርስ» ብዬ የመለስሁት እኔ ነኝ።

መምህርቷ ለወረዳው ትምህርት ቢሮ ሦስት ወረቀት ያስፈልጋል አለች፤ የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ፣ የሐኪም ማስረጃ፣ የወላጅ ማመልከቻ። «ደብዳቤው የእኔ ነው። ለሐኪሙ ደብረ ማርቆስ ውሰዷት። ማመልከቻውን ደግሞ እርስዎ በራስዎ ቃል ይጻፉት። ሁለት መስመር ይበቃል። ከዚያ እኔ አየዋለሁ» አለች። እሺ አልሁ። ሁልጊዜ እሺ ነው የምለው።

ደብረ ማርቆስ በሚኒባስ ወረድን፣ እኔና የኔአለም። ሐኪሙ ወጣት ነው። ባቄላ ሰጥቶ አንድ በአንድ በጠርሙስ አፍ አስከተታት፣ መስመር አሰመራት፣ ዓይኗን ጨፍና ጣቶቿን እንድትቆጥር አደረጋት። ባቄላው መሬት ለመሬት ተንከባለለ። ጎንበስ ብዬ ልለቅም ስል «ተውት አባት፣ እኔ እለቅመዋለሁ» አለኝ። ከዚያ ለእሷ «አይዞሽ፣ ይሄ ስንፍናም ሞኝነትም አይደለም። አእምሮሽ የሚያዘውን እጅሽ ቶሎ አይሰማም፣ በቃ» አላት። የኔአለም አንገቷን አቀረቀረች። ስንወጣ ዓይኗ ረጥቧል። ስንፍና አይደለም ያላት የመጀመሪያው ሰው ነው። ወረቀቱን በእንግሊዝኛ ጽፎ ማኅተም መትቶ ሰጠን።

እዚህ ድረስ ሁሉም ደህና ነበር። ነገሩን ያበላሸሁት ከዚህ በኋላ ነው።

ከሐኪም ቤቱ ወጥተን ስንሄድ፣ ከቢሮዎቹ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግተው የሚቀመጡትን ማመልከቻ ጸሐፊዎች አየኋቸው። ሁለት መስመር ነበር የተባልሁት። ሁለት መስመር እኮ ነው! ግን የእኔን ፊደል ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው ይዞት ታየኝ። «የአባትየውም ያው ነው» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። እግሬ ወደ ጃንጥላው ወሰደኝ።

ጸሐፊው መሳፍንት ይባላል። ሽበት የጀመረው፣ ካፖርት የለበሰ፣ ቆዳ ቦርሳ ጉልበቱ ላይ አድርጎ የሚጽፍ ሰው ነው።

«ምን ልጻፍልህ ወንድም ጋሼ?»

«ልጄ ስትጽፍ ትዘገያለች። በፈተናው ሰዓት እንዲጨምሩላት።»

«እሺ። ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ብዕሩን አስቀመጠና አየኝ። «አየህ፣ እንዲህ ተብሎ ቢሮ አይኬድም። ትዘገያለች ብትል ትፍጠን ይሉሃል። ማመልከቻ ማለት ያነበበውን ሰው ከወንበሩ ማስነሣት አለበት። ይሄው ሠላሳ ዓመት ጽፌያለሁ፤ የመሬት ክርክር ስጽፍ ባላጋራው ራሱ ነው የሚያለቅሰው።»

ከኋላችን ተራ የምትጠብቅ ሴትዮ «ኧረ እኔ ገና ሳትጽፍልኝ አለቀስሁ! ፀሐዩ አናቴን በሳው፤ ቶሎ በል መሳፍንት!» አለች። የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ።

መሳፍንት ቶሎ አለ። እጁ እንደ ምንጭ ውኃ ይወርዳል። የኔአለም አፏን ከፍታ እጁን ታያለች። እንዲህ የሚጽፍ ሰው በቅርብ አይታ አታውቅም መሰለኝ። ገጹ እስከ ታች ሞላ።

«ላንብብልህ ወይስ ታነበዋለህ?» አለኝ።

ሰዎቹ ያያሉ። ልጄ አጠገቤ ናት። «አነበዋለሁ» አልሁ።

ወረቀቱን ያዝሁ። ዓይኔን እንደተማረ ሰው ከላይ ወደ ታች አወረድሁት። እንዳይንቀሳቀስብኝ ከንፈሬን ነክሼ ያዝሁት። ያነበብሁት ሦስት ቃል ነው፤ «በታላቅ ትሕትና» የሚለውን እና «ልጄ» የሚለውን።

«አባየ፣ ስጠኝ እስቲ እኔ ልየው» አለች የኔአለም። ማንበብ ላይ እሷ ሰው አይቀድማትም።

«በሰው ፊት ወረቀት አይነጠቅም» አልኋት። ፈረምሁ። መሳፍንት በፖስታ አድርጎ አሸገልኝ።

በማግስቱ መምህርት እየሩስ በሩ ላይ ጠየቀችኝ።

«ማመልከቻውን ጻፉት?»

«ተጽፏል። ታሽጓል።»

«ላየው አስቤ ነበር።»

«ለቢሮው የተጻፈ ነው እንግዲህ...» አልሁ። በእኛ አገር የታሸገ ደብዳቤ የተላከለት ሰው ብቻ ነው የሚከፍተው። አባቴ አንድ ጊዜ ለደብሩ አለቃ የተላከ ደብዳቤ አደራ ተቀብለው፣ አለቃው ሌላ አገር ሄደው ቢያጧቸው ሦስት ቀን ተከትለዋቸው ነው ያስረከቡት። ስለ ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ሞቱ። መምህርቷም ይህን ታውቃለች፣ የካህን ልጅ ናት። ፈገግ ብላ «እሺ፣ ይሁን» አለች። ሦስቱን ወረቀት አንድ ላይ አድርጌ ለቢሮው አስገባሁ። በመንገድ ላይ ልቤ ቀሎኝ ነበር። ለልጄ አንድ ነገር አደረግሁ ብዬ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጠሩን። ጉዳዩን የያዘው ሰው አቶ ድረስ ይባላል። ጠረጴዛው ላይ የእኛ ወረቀት ተዘርግቷል። ከጎኑ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ አለ።

«የኔአለም ገዳሙ አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«በእግርሽ ነው የመጣሽው?»

«አዎ።»

«ቀኝ እጅሽን እስቲ አንሺ።»

አነሣች።

«ጨብጪኝ።»

ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ። ከዚያ ጨበጠችው። ድንች የሚቆፍር እጅ ነው፤ አቶ ድረስ ሳይወድ ፊቱን ቋጠረ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሰውዬ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ጌታው፣ ሽባው እጅ እንዲህ ከያዘ በደህናው እንዳትሞክረው!» አለ።

ሽባ ሲል አልገባኝም። አቶ ድረስ ወረቀቱን አነሣና ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። «ቀኝ እጇ ከትከሻዋ ጀምሮ ፍጹም ሽባ ሆኖ፣ ግራውም እየሰለለ፣ የዓይኖቿም ብርሃን ከቀን ወደ ቀን እየደከመ፣ በሰው ጉርሻ የምትኖር ምስኪን ልጄ...» ቆመና አየኝ። «ይህን የፈረሙት እርስዎ ነዎት ጋሼ?»

«ፊርማው የእኔ ነው።»

«ሐኪሙ እጇ ጤነኛ ነው፣ ለጽሕፈት ግን ይቸገራል ይላል። እርስዎ ሽባ ነው ይላሉ። የትኛውን ልመን?»

«የሐኪሙን።»

«ታዲያ ይሄኛው ውሸት ነው?»

አላነበብሁትም ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። አላነበብሁትም። ግን ያ የሳቀው ሰውዬ እያየኝ ነው፣ ልጄ እያየችኝ ነው፣ በደብረ ማርቆስ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አነበዋለሁ ያልሁትን ልጄ ሰምታለች። ዝም አልሁ። ዝም አይነቅዝም ይሉ ነበር አባቴ። የእኔ ግን እዚያው ጠረጴዛ ፊት ነቀዘ።

«አባየ አይዋሽም» አለች የኔአለም። «ሌላ ሰው ነው የጻፈው።»

አቶ ድረስ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገና «እኔ ምን ላድርግ ልጄ?» አለ። «ሁለት ወረቀት እርስ በርሱ የሚጣላ ፋይል ወደ ላይ ብልክ ለሌሎቹም ይተርፋል። የስም ዝርዝሩ ደግሞ ዓርብ ሄዷል። ቀኑ አልፏል።» ወረቀቶቹን ሰብስቦ ሰጠኝ። ማመልከቻውን በላይ አድርጎ።

መምህርት እየሩስ በማግስቱ ራሷ ሄዳ ለመነች። መልሱ ያው ነው። ተመልሳ በሩ ላይ ቆመችና «ጋሽ ገዳሙ፣ ምን ብለው ነው ያስጻፉት?» አለችኝ። ነገርኋት። ሁሉንም፣ ከንፈሬን እንዴት እንደነከስሁ ሳይቀር። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። «እኔም መክፈት ነበረብኝ» ብላ ሄደች። ቤት ስደርስ ያለምወርቅ የሚገባኝን ሰጠችኝ። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል ለመኳንንት የተባለ ይመስለኝ ነበር። ለካ ለአንተ ነው!»

«እማየ፣ ተይው» አለች የኔአለም። ወደ ጓሮ ወጣች።

ከዚያ በኋላ የቀረን ልምምድ ብቻ ነበር። መምህርቷ ባዶ የመልስ ወረቀት የመሰለ ሠርታ በየቀኑ ታስጠቁራታለች። እኔ የማውቀው አንድ ነገር አለ፣ ቀርከሃ። አገራችን የቀርከሃ አገር ነው። ዶማ እጀታው ሲቀጥን እጅ እንደሚላላጥ አውቃለሁ፤ እርሳሱም ቀጥኖባት ቢሆንስ ብዬ፣ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ቀርከሃ ቆርጬ፣ ውስጡን አጽድቼ እርሳሱን በጨርቅ ጠቅጥቄ ከተትሁበት። የኔአለም ስትይዘው ጣቶቿ አልነጡም። ቀድሞ ሦስት ክብ ታጠቁርበት በነበረው ጊዜ አምስት አጠቆረች። «አባየ፣ ይሄ ጥሩ ነው» አለችኝ። ይህችን ቃል እየደጋገምሁ ነው የሰነበትሁት።

ፈተናው ሁለት ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀን ከሌላ ቦታ ሱፐርቫይዘርና ፈታኞች መጡ። ልጆቹ በሩ ላይ እየተፈተሹ ይገባሉ፤ የተያዘ ስልክና ወረቀት እኔ ፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ሴቶቹን የምትፈትሸው ልጅ የኔአለምን አቆመቻት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እርሳስ ነው።»

«እርሳስ እንዲህ ይወፍራል እንዴ? ውስጡ ክፍት ነው፣ ስንት ወረቀት ይገባበታል። አይሆንም። ሌላ እርሳስ የለሽም?»

«አለኝ።»

ቀርከሃውን ጠረጴዛው ላይ፣ ከስልኮቹ መሐል አኖረችው። የኔአለም ወደ እኔ ዞረች። እኔ ጠረጴዛውን አየሁ። አንድ ክንድ ነው ከእኔ የሚርቀው። የሠራሁት እኔ ነኝ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። የኔአለም ቀርከሃውን ትታ ገባች።

ጠዋት አማርኛ ነበር፣ ስድሳ ጥያቄ። ከደወሉ ዛፍ ሥር ቆሜ በመስኮቱ የእሷን ጀርባ አያለሁ። ጊዜው እየገፋ ሲመጣ የልጆቹ አንገት አንድ በአንድ ቀና ቀና እያለ ነው፤ የጨረሰው ጣሪያ ያያል። የእሷ አንገት አልተነሣም። ክርኗ ብቻ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ሰዓቱ ደረሰ። ብረቱን አነሣሁና ቆምሁ። ብዘገይ ምን ይጠቅማታል? ፈታኞቹ ሁሉ ሰዓት አስረዋል። ይህን እያወቅሁ ክንዴ አልሰማ አለኝ። የእሷ እጅ ያን ቀን ገባኝ።

ሱፐርቫይዘሩ ከበረንዳው ጮኸ። «ጋሼ! ደወል! እንቅልፍ ወሰደህ እንዴ?»

አንድ ፈታኝ በመስኮት ብቅ ብሎ «ተወው፣ ዘበኛውም እየተፈተነ ነው!» አለ። ልጄ እዚያ እንዳለች አያውቅም። ሳቁ። ሦስት ጊዜ መታሁት። ስመታው የየኔአለም ትከሻ ዘለለ።

ማታ ስትመጣ እራት ቀርቦ ሳለ ጠየቅኋት።

«አማርኛውን ስንት ሠራሽ?»

«የማውቀውን ነው ወይስ ያጠቆርሁትን?»

«የምታውቂውን።»

«ሃምሳ አራት።»

«ያጠቆርሽውን?»

«ሃያ ሰባት። ሁለቱ ግን ተቀደደብኝ።» አላለቀሰችም። እንጀራዋን ቆርሳ ይዛ ቆየችና «አባየ፣ ነገ ስትመታ ቀስ አድርገህ ምታው። ያስደነግጠኛል» አለችኝ።



በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሣሁ። ከደብተሯ አንድ ቅጠል ገነጠልሁ። ከጠረጴዛው ላይ መልሼ ያመጣሁትን ቀርከሃ ያዝሁና በሩ አጠገብ፣ ብርሃን በሚገባበት በኩል ተቀመጥሁ። ሙሉ ገጽ ፈጀ። እንዲህ ነው ያልሁት።

«ለፈተናው ኃላፊ። የኔአለም ልጄ ናት። እጇ ሽባ አይደለም። ሽባ ነው ብዬ የፈረምሁት እኔ ነኝ፣ ሳላነበው ነው። መልሱን ታውቃለች፣ እጇ ይዘገያል። ጊዜ ጨምሩላት። ካልሆነ እርሳሷን ስጧት፣ እኔ ነኝ የሠራሁት። ገዳሙ፣ የበሩ ዘበኛ።»

የኔአለም ፊቷን ታጥባ ስትገባ ወረቀቱን ዘረጋሁላት። «አንብቢልኝ» አልኋት። ድምፅዋን አውጥታ አነበበችው። ያሰብሁትና የተጻፈው አንድ መሆኑን ሰማሁ። አጠፍሁት።

በሩን ከፍቼ ቆምሁ። ሱፐርቫይዘሩ ሲደርስ ባርኔጣዬን አውልቄ ወረቀቱን ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። ፊደሉ ትልልቅ ስለሆነ ቶሎ አለቀለት፣ ግን ሁለተኛ አነበበው።

«ትናንት ለምን አልነገሩኝም?» አለኝ። ትናንት አንተ ነበር የሚለኝ።

«አፍሬ ነው።»

«ጋሼ፣ ሰዓት እኔ ልጨምር አልችልም። በራሴ ብጨምር የሚሰረዘው የእሷ ወረቀት ነው። ያለፈውንም መመለስ አልችልም።»

«እሺ» አልሁ።

ቀርከሃውን ከእጄ ተቀበለኝ። እርሳሱን ስቦ፣ ጨርቁን አውጥቶ፣ ባዶውን ወደ ፀሐይ ዞሮ በአንድ ዓይኑ አየበት። መልሶ ጠቅጥቆ ለፈታሿ ልጅ ሰጣትና «ይሄን ለልጅቷ» አላት። የእኔን ወረቀት አጥፎ የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ሰዓቱን አየ።

«ደርሷል» አለኝ።

ወደ ጽዱ ሄድሁ። ብረቱን አነሣሁና ቀስ አድርጌ መታሁት። ቸርኬ ግን ቀስ ብለው ቢመቱትም ያው ነው፣ እስከ ወንዙ ማዶ ተሰማ።